ፍርሃትና ርኅራኄ፤ «ዘ ኤክሶርሲስት» ዝናው ይገባዋልን?

ዝና ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አንድ ፊልም ብዙ ሰዎች ለብዙ ዘመን አንድ ዐይነት ቃል ሲሰጡ ብንሰማ፥ ቃላቸው ሥራውን እንድንመረምር ይጋብዘናል፤ የመፍረዱ ድካም ግን የእኛው የተመልካቾቹ ነው። በዓለም የሲኒማ ታሪክ ውስጥ እንደ «ዘ ኤክሶርሲስት» ብዙ ምስክር የቆመለት፥ ብዙ ከሳሽም የተነሣበት አስፈሪ ፊልም ጥቂት ነው። በአማርኛ «አጋንንት አውጪው» ልንለው የምንችለው ይህ ፊልም በአሜሪካ አገር በ1973 ለሕዝብ ከታየ ወዲህ «ከአስፈሪዎች ሁሉ አስፈሪ» የሚል ስም ይዞ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እየገለጽን፥ ይህ ስም ይገባው እንደ ሆነ፥ ቢገባውም በምን ምክንያት እንደሚገባው ለመመርመር አስበናል።

ይህን ጥያቄ ማንሣታችን ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ፊልሙ የሚናገረው ርኵስ መንፈስ ስላደረባት ልጅ፥ ልትረዳት ስላልቻለች እናት፥ ስለ ሐኪሞች መሸነፍና ስለ ካህናት መጠራት ነው። ይህ ነገር ለሌላ አገር ተመልካች የሩቅ ተረት መስሎ ቢታየው፥ በጠበል ዳር ላደግን ሰዎች ግን የሩቅ አይደለም። ከቤተ ሰቡ አንዱ በማይታወቅ በሽታ ሲያዝ «ወደ ጠበል ይሂድ ወይስ ወደ ሐኪም ቤት?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በብዙ ቤት ይነሣል። ስለዚህ ፊልሙ ምን እንደሚል በጥንቃቄ ማድመጥ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል።

የታሪኩ ደራሲ ዊልያም ፒተር ብላቲ ነው። ብላቲ በ1949 በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በጎረቤቱ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ርኵስ መንፈስ አድሮበት በካቶሊክ ካህናት ጸሎት ተፈወሰ የሚል ወሬ በጋዜጣ ላይ አነበበ። ይህንንም ወሬ ከ20 ዓመት በላይ በልቡ ይዞት ኖሮ በ1971 ልብ ወለድ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ በወንዱም ልጅ ፈንታ የ12 ዓመት ልጃገረድ ተካ። የሚያስገርመው ነገር፥ ብላቲ ከዚያ በፊት ይታወቅ የነበረው ሰውን በሚያስፈራ ድርሰት ሳይሆን ሰውን በሚያስቅ የፊልም ድርሰት ነው። የፊልሙ ዲሬክተር ዊልያም ፍሪድኪን ደግሞ ሥራውን የጀመረው በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልሞች ሲሆን፥ «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በተባለው የፖሊስ ፊልሙ የኦስካርን የዲሬክተርነት ሽልማት ተቀብሎ ነበር። እንግዲህ አንዱ የቀልድ ደራሲ፥ ሁለተኛው እውነተኛ ነገርን በካሜራ መከታተል የለመደ ሰው ሆነው ተገናኙ። የፊልሙ ጠባይ ከዚህ ግንኙነት እንደ ተወለደ ወደ ኋላ እናያለን።

ፊልሙ ዲሴምበር 26 ቀን 1973 ሲከፈት በአሜሪካ ከተሞች ሕዝቡ በክረምቱ ብርድ ተሰልፎ ይጠብቅ እንደ ነበር፥ በአዳራሹም ውስጥ አንዳንዱ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፥ አንዳንዱም ትዕይንቱን መቻል አቅቶት ሲወጣ እንደ ታየ በጊዜው ጋዜጦች ተጽፏል። ለ10 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሁለቱን፥ ይኸውም የድርሰትንና የድምፅን ሽልማት አግኝቷል፤ ከአስፈሪ ፊልሞችም መካከል ለዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያው እርሱ ነው። የሒስ ጸሐፊዎች ግን በሁለት ተከፈሉ። ሮጀር ኢበርት ከፍ ያለ ምስጋና ሲሰጠው፥ የ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ጸሐፊ ፖሊን ኬል አጥብቃ ነቀፈችው። በእንግሊዝ አገርም በ1984 የቪዲዮ ሕግ ከወጣ በኋላ፥ ፊልሙ በየቤቱ በቪዲዮ እንዲታይ እስከ 1999 ድረስ ፈቃድ ሳያገኝ ቆይቷል። በ2010 የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው ሊቈዩ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ አስገብቶታል። ዝናውን ያቆሙት ምስክሮች ባጭሩ እነዚህ ናቸው።

ታሪኩን ላላዩት አንባቢዎቻችን በጥቂት ቃል እንንገር። ክሪስ ማክኒል የምትባል ከባልዋ የተፋታች የታወቀች ተዋናይ፥ ፊልም ለመሥራት ሬገን ከምትባል ልጅዋ ጋር በጆርጅታውን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እናቲቱ ሃይማኖት የላትም። ልጅቱ ቀስ በቀስ ጠባይዋ ይለወጣል፤ አልጋዋ ይናወጣል፤ አፍዋ የማታውቀውን ነውር ይናገራል፤ ፊቷ ይቈስላል። ሐኪሞች መርምረው ሊደርሱበት አልቻሉም። በመጨረሻ እናቲቱ ዴሚየን ካራስ ወደሚባል የጀስዊት ማኅበር ካህን ትሄዳለች። ካራስ ካህን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሐኪምም ነው፤ በዚያ ላይ እናቱ በድኽነትና በብቸኝነት ስለ ሞተችበት በራሱ ተጸጽቶ እምነቱ የላላበት ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ላንከስተር ሜሪን የተባሉትን አረጋዊ ካህን ልካለት ሁለቱ አብረው ይጸልያሉ። ሜሪን በጸሎቱ መካከል ልባቸው ደክሞ ይሞታሉ። ካራስም መንፈሱን ከልጅቱ ወደ ራሱ ጠርቶ፥ ልጅቱን ከመጕዳቱ በፊት ከመስኮቱ ይወረወራል፤ ከቤቱም ጎን ባለው የ75 ደረጃ የድንጋይ መውረጃ ተንከባልሎ ይሞታል።

አሁን ወደ ምርመራችን እንግባ። የመጀመሪያው ክስ፥ ፊልሙ የሚያስፈራው በሲኒማ ዘዴና በጸያፍ ነገር ብቻ ነው የሚል ነው። ዘዴ መኖሩን ማንም አይክድም። የጸሎቱ ክፍል በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ፥ የተዋናዮቹ እስትንፋስ እንደ ጭጋግ እንዲታይ በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ከበረዶ በታች እንዲቀዘቅዝ ተደርጓል። አረጋዊውን ሜሪንን የተጫወተው ስዊድናዊው ማክስ ቮን ሲዶ በዚያን ጊዜ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ጐልማሳ ነው፤ ዲክ ስሚዝ የተባለው የሜካፕ ባለሙያ ነው 70 ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ያስመሰለው። የርኵሱ መንፈስ ድምፅ ከልጅቱ ተዋናይ ከሊንዳ ብሌር አልወጣም፤ መርሴዲስ መካምብሪጅ የተባለች የታወቀች ተዋናይ ጥሬ ዕንቍላል እየዋጠች፥ ሲጋራ እያጨሰች ጕሮሮዋን አሻክራ የሰጠችው ድምፅ ነው። ስሟ በፊልሙ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ አቤቱታ ካቀረበች በኋላ ነው የተጻፈላት። ከዚህም ሌላ የንብ መንጋ ድምፅና የዐሣማ ጩኸት ከድምፁ ጋር ተቀላቅሏል።

ይሁን እንጂ ዘዴ ያረጃል። በ1973 ሰውን ከወንበሩ ያስነሣው የአንገት መዞር ዛሬ በኮምፒዩተር ጥበብ ያደገውን ወጣት አያስደነግጠውም። ይህን ፊልም ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር ስናይ፥ እነርሱ በዚያ ቦታ ላይ ሲሥቁ ሰምተናል። አልተቈጣናቸውም። እኛ ራሳችንም በሌላ ምክንያት አልደነገጥንም፤ ይኸውም ሰው በማያውቀው ድምፅ ሲጮኽ፥ ስሙን ሲጠየቅ ሌላ ስም ሲሰጥ፥ መስቀል ሲያይ ሲንፈራገጥ ከልጅነታችን ጀምሮ በጠበል ቦታ ያየነውና የሰማነው ነገር ስለ ሆነ ነው። ለእኛ ጩኸቱ እንግዳ አልሆነብንም። ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን፥ ማለት የታማሚው እናት በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፍዋ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ የሚሰማውን ዝምታ ደግሞ ከፊልሙ በፊት እናውቀው ነበር። እንግዲህ «ከአስፈሪዎች ሁሉ አስፈሪ» የሚለው ስም በዘዴው ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ፥ ዝናው ከዘዴው ጋር ባረጀ ነበር።

ነገር ግን አላረጀም። ምክንያቱን ለማግኘት ፊልሙን በሰዓት መለካት ይበቃል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አረጋዊው ካህን ወደ ቤቱ የሚደርሱት ግን ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ያ የታወቀው ሥዕል፥ ሜሪን ቦርሳቸውን ይዘው በጭጋግ መካከል በመንገድ መብራት ሥር ቆመው ወደ መስኮቱ ሲመለከቱ የሚታዩበት፥ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ክፍል በር ነው። ሥዕሉንም ፍሪድኪን የወሰደው ከቤልጅጋዊው ሠዓሊ ከረኔ ማግሪት «የብርሃን መንግሥት» ከተባለው ሥራ ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ተኩል በምን ተሞላ? በቤት፥ በሐኪም ቤትና በመንገድ። እናቲቱ የልጅዋ ልደት በዋለበት ቀን አባትዋ ስልክ ሳይደውል በመቅረቱ በቴሌፎን ስትጮኽ፥ ልጅቱም ከበስተጀርባ ሆና ስትሰማ እናያለን። ካራስ ወደ እናቱ ጨለማ ክፍል ሄዶ እግርዋን ሲያስርላት፥ በኋላም ገንዘብ ስለሌለው ለድኾች የአእምሮ ሕሙማን በተመደበው አዳራሽ ተኝታ ሲያገኛት እናያለን። ሙዚቃውም ጥቂት ነው፤ «ቲዩቡላር ቤልስ» የተባለው የማይክ ኦልድፊልድ ዜማ ዝናው ታላቅ ቢሆንም በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ለአጭር ጊዜ ነው። ዘጋቢ ፊልም የለመደው ዲሬክተር እንዲህ አድርጎ እውነተኛ ቤትና እውነተኛ ሐዘን ከፊታችን ካቆመ በኋላ ነው ርኵሱን መንፈስ ወደዚያ ቤት ያስገባው።

ከፊልሙ ሁሉ ሰውን ይበልጥ የሚያሠቅቀው ቦታ የትኛው እንደ ሆነ ብንጠየቅ፥ ርኵስ መንፈስ የሌለበት ቦታ ነው ብለን እንመልሳለን። ይኸውም ሐኪሞቹ ልጅቱን በጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፥ በአንገትዋ የደም ሥር መርፌ አስገብተው፥ ደሟ ፊን ሲል የአንጎልዋን ራጅ የሚያነሡበት ነው። መሣሪያው እንደ መዶሻ ይጮኻል፤ ሐኪሞቹ በትሕትናና በጥንቃቄ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ልጅቱ ትሠቃያለች። በዚህ ቦታ ምንም ተአምር፥ ምንም ዘዴ የለም። ይህንንም ክፍል ዛሬ የሚያየው ወጣት አይሥቅበትም፤ ልጁን፥ ወንድሙን ወይም እናቱን ወደ ሐኪም ቤት ወስዶ በኮሪደር የጠበቀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፍርሃት ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ክስ የሚነሣው ግን ከዚሁ ቦታ ነው። ፊልሙ ሐኪሞችን ሁሉ አሰልፎ አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። በመጀመሪያ የነርቭ መረበሽ ነው ይላሉ፤ ቀጥሎ በአንጎልዋ የጎን ክፍል ላይ ቍስል ሳይኖር አይቀርም ይላሉ፤ ከዚያም ወደ አእምሮ ሐኪም ይመሯታል። እናቲቱ 88 ሐኪሞች እንዳዩላት ቈጥራ በምሬት ትናገራለች። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ራሳቸው፥ ሕመምተኛዋ መንፈስ አድሮብኛል ብላ ካመነች ጸሎቱም ይለቀኛል የሚል እምነት አሳድሮባት ሊፈውሳት ይችላል ብለው ካህን እንድትፈልግ ይመክሯታል። ተመልካቹ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት «ሕክምና ከንቱ ነው፤ መድኃኒቱ ካህን ነው» የሚል ቢሆን፥ ፊልሙ በብዙ ታማሚዎች ላይ በደል ሠራ ማለት ነው።

ይህ በደል በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። በጀርመን አገር አኔሊዜ ሚሼል የተባለች ተማሪ የሚጥል በሽታ እንዳለባት በሐኪሞች ተነግሮ ሳለ፥ ርኵስ መንፈስ አድሮባታል ተብሎ በ10 ወር ያህል ጊዜ ውስጥ 67 ጊዜ የማስወጣት ጸሎት ተደረገላት፤ ምግብም ሳትበላ ሰውነትዋ አልቆ በ1976 በ23 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች። በ1978 ፍርድ ቤት ወላጆችዋንና ሁለቱን ካህናት በቸልተኝነት ሕይወት በማጥፋት ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። የሚጥል በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የተለየ መለኮታዊ ነገር እንደሌለው ከ2,000 ዓመት በፊት በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም ያ ቃል ይህችን ልጅ አላዳናትም።

እኛም በአንድ የገጠር ከተማ በመምህርነት ሳለን ያየነውን እንናገር። በጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁ በድንገት ይወድቃል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ አንድ ቀን ከምድጃው ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። እናቲቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጠበል ወደ ጠበል ልጁን በጀርባቸው አዝለው ዞሩ። ከትምህርት ቤትም «ሌሎቹን ልጆች ያስደነግጣል» ተብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ በአንደኛው ጠበል የሚያጠምቁ አንድ አረጋዊ ካህን ልጁን ደጋግመው ካዩት በኋላ እናቲቱን ጠርተው «ልጄ፥ ጠበሉን አልከለክልሽም፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ጤና ጣቢያም ይሂድ፤ የሚሰጡትንም ኪኒን እንዳታስተዪው፤ ያም የእግዚአብሔር ነው» አሏቸው። ከጤና ጣቢያው የተሰጠው ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽና የቈየ መድኃኒት ነበር። ልጁ ፈጽሞ ዳነ አንልም፤ ዳሩ ግን መውደቁ እየራቀ ሄደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከክፍላችን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ መጻፍ ተማረ። እኒያ ካህን ያደረጉትን ስናስታውስ፥ በእምነታቸው የጸኑ ሰው የሌላውን ዕውቀት መፍራት እንደማያስፈልጋቸው እንረዳለን።

እንግዲህ በዚህ መመዘኛ ፊልሙን ስንመዝነው ምን ይገኛል? እርግጥ ነው፥ ፍርዱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በድርሰት ውስጥ ደራሲው የበሽታውን ምክንያት ያውቃል፤ መንፈስ ነው ካለ መንፈስ ነው፤ 88 ሐኪሞች ቢሰለፉም ደራሲው እንዳያገኙት አድርጎ ፈጥሯቸዋልና አያገኙትም። በሕይወት ግን ደራሲው ይህ ነው ብሎ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ማንም ሰው ከዚህ ፊልም ተነሥቶ ስለ ጎረቤቱ ልጅ በሽታ ሊፈርድ አይገባውም። የፊልሙ ጕድለት ይህ ነው፤ ልንሸፍነው አንወድም።

ነገር ግን በሌላው ሚዛን ላይ ልናስቀምጠው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ብዙ ተመልካቾች ያልፉታል። ካራስ ልጅቱን ሊመረምር ሲመጣ፥ የተባረከ ጠበል ነው ብሎ ከቧንቧ የተቀዳ ተራ ውኃ ይረጭባታል። ልጅቱም እንደ ተቃጠለች ሆና ትጮኻለች። ካራስ በዚህ አይደሰትም፤ ለተራ ውኃ መጮኽዋ መንፈስ አለመኖሩን የሚያመለክት ምስክር መሆኑን ለእናቲቱ በግልጽ ይነግራታል። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራጠረው፥ ከሁሉ ይልቅ ማስረጃ የሚፈልገው ካህኑ ነው። ድምፅዋን በመቅረጫ ወስዶ ያደምጣል፤ እንግዳ ቋንቋ የመሰለው ነገር ወደ ኋላ የተነገረ እንግሊዝኛ መሆኑን ይደርስበታል። ብላቲ ሐኪሞቹን ሞኞች፥ ካህናቱን አዋቂዎች አድርጎ ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ እንዲህ ቢያደርግ ድርሰቱ ስብከት ሆኖ ይቀር ነበር። ሐኪምነትንና ክህነትን በአንድ ሰው ውስጥ አኑሮ እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ ማድረጉ ግን ለክሱ ከሁሉ የተሻለ መልስ ሆኖ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ርኵሱ መንፈስ ስም አንድ ነገር እንጨምር። ፊልሙ የሚጀምረው በዋሽንግተን ሳይሆን በሰሜን ኢራቅ፥ በጥንታዊቱ በሐትራ ፍርስራሽ ነው። ሜሪን በቍፋሮው ውስጥ የአንድ ክፉ መንፈስ ራስ ቅርጽ ያገኛሉ፤ ከሐውልቱም ፊት ለፊት ይቆማሉ። ያ ሐውልት የፓዙዙ ሐውልት ነው። የሜሶፖታሚያን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፥ ፓዙዙ ክፉ መንፈስ ቢሆንም፥ እናቶች ምስሉን በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር፤ ሕፃናትን ከምትገድል ላማሽቱ ከምትባል ሌላ ክፉ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበርና። ይህን ስናነብ የእኛን አገር ክታቦች ሳናስታውስ አላለፍንም። ውርዝልያ የሕፃናት ገዳይ ናት፤ ቅዱስ ሱስንዮስም በጦር ወግቶ ጣላት የሚለው ጸሎት በብራና ላይ ተጽፎ፥ በቆዳ ተሰፍቶ፥ በስንት እናቶች አንገት ላይ ታስሯል! የሁለቱ አገሮች እምነት አንዱ ከሌላው ይውረድ አይውረድ ለሊቃውንት እንተወው፤ ሥሩ ግን አንድ መሆኑን ማንም እናት ታውቀዋለች። ልጅ ይታመማል፤ ምክንያቱ አይታወቅም፤ እናት እጅዋን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። ክታቡም፥ ጸሎቱም፥ መርፌውም፥ ራጁም የተወለዱት ከዚሁ ጭንቀት ነው። ፊልሙ በመሠረቱ የሚናገረው ስለዚህ ጭንቀት ስለ ሆነ፥ አሜሪካዊም ኢትዮጵያዊም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

የቀረው ስለ ፍጻሜው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ማን አሸነፈ? ብዙ ተመልካቾች ሁለቱ ካህናት ስለ ሞቱ ርኵሱ መንፈስ አሸነፈ ብለው ወጡ፤ ብላቲ በዚህ አተረጓጐም አዝኖ ለብዙ ዓመት ሲከራከር ኖረ። በ2000 ፊልሙ እንደ ገና ሲታይ ቀድሞ ተቈርጠው የነበሩ ጥቂት ደቂቃዎች ተመለሱ። ከነዚህም መካከል ሁለቱ ካህናት ከጸሎቱ ዕረፍት ወስደው በደረጃው ላይ የሚነጋገሩበት ይገኛል። ካራስ ይህች ልጅ ለምን ተመረጠች ብሎ ሲጠይቅ፥ ሜሪን የመንፈሱ ዐላማ በዙሪያዋ ያለነው ሰዎች ተስፋ እንድንቈርጥ፥ ራሳችንንም እንደ አውሬና እንደ ርኵስ ቈጥረን እግዚአብሔር ሊወደን አይችልም ብለን እንድናምን ነው የሚል ሐሳብ ይሰጡታል። ፍሪድኪን በ1973 ይህን ንግግር የቈረጠው ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ሊረዳው ይገባል ብሎ ነው። ደራሲው ስለ ግልጽነት፥ ዲሬክተሩም ስለ ዝምታ ተከራከሩ፤ በእኛ አስተያየት ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሆኖም ንግግሩ ባይሰማም ድርጊቱ በቂ ነው።

ድርጊቱ ምንድን ነው? ካራስ እናቱን ሊረዳት ያልቻለ ልጅ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት ከፊቱ ያገኛት ልጅ የራሱ አይደለችም፤ ስድብዋንና ቈሻሻዋን እንጂ መልካም ነገርዋን አላየም። እንዲህ ላለች ልጅ ነፍሱን ይሰጣል። ከደረጃው ሥር ደም ለብሶ ሲያጣጥር ባልንጀራው ካህን እጁን ይዞ ይናዝዘዋል፤ መናገር ስለማይችል በጣቱ እንቅስቃሴ ብቻ ይመልሳል። ልጅቱ ከዳነች በኋላ የሆነባትን ሁሉ አታስታውስም፤ ሆኖም ከአገሩ ሊሄዱ ሲሉ የዚያን ባልንጀራ ካህን ነጭ የአንገት ልብስ አይታ ሳታውቀው ትስመዋለች። በዚህ ቦታ ጩኸትም ዘዴም የለም፤ የውለታ ትውስታ ብቻ ነው ያለው። ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ ሰው ይህችን ትንሽ መሳም ይመልከት።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። «ዘ ኤክሶርሲስት» ታላቅ ፊልም የሚል ዝናው ይገባዋል፤ «ከአስፈሪዎች ሁሉ አስፈሪ» የሚለው ስም ግን አይስማማውም። ያ ስም ተመልካቹን የአልጋውን መናወጥና የአንገቱን መዞር ብቻ እንዲጠብቅ አድርጎ ያስገባዋል፤ እነዚያ ባያስደነግጡት «ዝናው ውሸት ነው» ብሎ ይወጣል። ለዚህ ፊልም የሚገባው ስም የርኅራኄ ፊልም የሚል ነው። የሰው ልጅ በማያውቀው ነገር ፊት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ፥ በዚያ ድካም ውስጥ ሳለም ሌላውን ጥሎ ላለመሄድ ምን ያህል እንደሚበረታ ያሳያል። የሐኪሞችን ድካም ከመጠን በላይ አጕልቶ መሣሉ ጕድለቱ ነው፤ ከጕድለቱ ጋርም ታላቅ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። በሽታ በእያንዳንዱ ቤት መድረሱ አይቀርም፤ አንዳንዱም ስሙ የማይታወቅ ሆኖ ይደርሳል። ይህን ፊልም የሚያይ መምህር፥ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከአዳራሹ ሲወጣ ስለ አጋንንት ከመከራከሩ በፊት አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ በሰፈሩ የሚወድቅ፥ የሚጮኽ ወይም ሰው የሚሸሸው ታማሚ እንዳለ፥ ለእርሱም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው እንዳለው። ካህኑ ይጸልይ፤ ሐኪሙም ያክም፤ የቀረነው ደግሞ ከበሩ አንራቅ።